መግቢያው ጠበበ፣ መውጫው ግን አልሰፋም፦ ኮቪድ፣ የአሜሪካ ስቴቶችና እስረኞቻቸው

(በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን በአማርኛ ከቀረበ ንግግር፣ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የተጻፈ። ቀኖቹ፣ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እንደምን አመሻችሁ። በሥራ ቀን ማታ፣ ከድካም በኋላ እዚህ ስለተገኛችሁ አመሰግናለሁ። ከሁሉ አስቀድሜ፣ ጠበቃ እንዳልሆንኩ እወቁልኝ። እንጀራዬ የፍርድ ቤት አስተርጓሚነት ነው። ሕጉን የማየው ከዳኛውና ከተከሳሹ መሀል ተቀምጬ ነው፤ ከዚያ ቦታ የሚታይ ነገር አለ፣ የማይታይም አለ። የራሳችሁ ጉዳይ ያላችሁ ሰዎች ጠበቃ ጠይቁ እንጂ እኔን አትያዙኝ።

አዘጋጆቹ እንድናገር የጠየቁኝ ወረርሽኙ ሲመጣ ስቴቶች በወንጀል ፍትሕ ላይ ምን ማሻሻያ አደረጉ፣ ከዚያስ ምን ተረፈ የሚለውን ነው። ስለዚህ ጉዳይ ሰው ሲያወራ በብዛት የምሰማው አንድ ዐረፍተ ነገር ነው፦ «ያኔ እኮ እስረኛውን ሁሉ ለቀቁት።» አንዳንዱ አመስግኖ ይለዋል፣ አንዳንዱ ተቆጥቶ። እስቲ ቁጥሩን እንየው።

የፍትሕ ሚኒስቴሩ የስታቲስቲክስ ቢሮ እንዳወጣው፣ በ2019 መጨረሻ በፌዴራልና በስቴት ማረሚያ ቤቶች 1,430,000 ያህል ሰው ነበር። በ2020 መጨረሻ ወደ 1,215,000 ወረደ። የ15 በመቶ ቅናሽ መሆኑ ነው፤ በአንድ ዓመት እንዲህ ያለ መውረድ በዚህ አገር የተለመደ አይደለም። እንግዲህ ይህን ያየ ሰው በሩ ተከፍቶ ሕዝብ ወጣ ይላል። ነገር ግን በዚያው በ2020 ከማረሚያ ቤት የተፈታው ሰው ቁጥር በ2019 ከተፈታው በ10 በመቶ ያንሳል። ያንሳል ነው የምላችሁ! ወረርሽኝ እያለ፣ ከሌላው ጊዜ ያነሰ ሰው ነው የወጣው። ቁጥሩን ያወረደው መግቢያው ነው፦ አዲስ የገባው እስረኛ በ40 በመቶ ቀነሰ።

ለምን ቢባል፣ ፍርድ ቤቱ ስለተዘጋ። የጁሪ ችሎት፣ ከሕዝብ የተመረጡ ሰዎች ፍርድ የሚሰጡበት፣ ቆመ። ተከሳሽ ጥፋቱን አምኖ ቅጣት የሚቀልበት ድርድር ዘገየ፣ ፖሊስ በጥቃቅኑ ነገር መያዝ ቀነሰ። ካሊፎርኒያን የመሰሉ ስቴቶች ደግሞ ፍርዱ ያለቀለትን ሰው ከካውንቲ (ከስቴቱ በታች ካለው የአካባቢ አስተዳደር) መቀበል ራሱ ለጊዜው አቆሙ። ስለዚህ ከቀነሰው ቁጥር ውስጥ ጥቂት የማይባለው ሰው ቤቱ አልገባም፤ ካውንቲው ማረፊያ ቤት ውስጥ ወረፋ ይጠብቅ ነበር። እንዲህ ያለውን መቀነስ ማሻሻያ ለማለት ይከብደኛል።

እዚህ ላይ ሁለቱን እስር ቤቶች ካልለየናቸው ነገሩ ይምታታብናል። ጄል የሚባለው የካውንቲው ነው፤ ገና ያልተፈረደበት፣ ዋስትናውን መክፈል ያቃተው፣ ወይም አጭር ቅጣት የተቀጣ ሰው የሚቀመጥበት። ፕሪዝን የስቴቱ ወይም የፌዴራሉ ነው፤ ዓመታት የተፈረደበት ሰው የሚሄድበት። እኔ የመጀመሪያውን ማረፊያ ቤት፣ ሁለተኛውን ማረሚያ ቤት እላለሁ፤ ተግባባን?

የማረፊያ ቤቱ ታሪክ የተሻለ ነው። በ2019 አጋማሽ በመላ አገሪቱ 734,500 ሰው ነበረበት፤ በ2020 አጋማሽ 549,100። ሩቡ ወጣ ወይም አልገባም ማለት ነው። እዚህ በእርግጥ ሰው የሠራው ሥራ አለ። ኒው ጀርሲ ውስጥ የስቴቱ የሕዝብ ተከላካይ ጠበቆች፣ የመብት ተሟጋቾች፣ የስቴቱ ዋና ዐቃቤ ሕግና የካውንቲ ዐቃብያነ ሕግ በስልክ ተደራድረው ተስማሙ፤ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ስቱዋርት ራብነር ማርች 22, 2020 ትእዛዙን ፈረሙ። በካውንቲ ማረፊያ ቤት አጭር ቅጣታቸውን ይፈጽሙ የነበሩ እስከ 1,000 የሚደርሱ ሰዎች ከማርች 24 ጠዋት ጀምሮ እንዲወጡ ተፈቀደ። ዐቃቤ ሕግ «ይህኛው ሰው አይውጣ» የሚል ከሆነ ምክንያቱን ማቅረብ ያለበት እሱ ነው። ልብ በሉ፣ በሌላው ጊዜ ምክንያት የሚያቀርበው እስረኛው ነው። ሸክሙ ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው ዞረ፤ ሥራውን የሠራው ይህ ነው።

ካሊፎርኒያም ኤፕሪል 6 የዳኝነት ምክር ቤቱ ባወጣው አስቸኳይ ደንብ ለአብዛኞቹ ቀላል ወንጀሎችና ከከባድ ወንጀሎችም ቀለል ላሉት አንዳንዶቹ ዋስትናውን ዜሮ ዶላር አደረገው። ሦስት ወር እንኳ አልሞላም፤ ጁን 20 ተነሳ። ካውንቲዎች ከፈለጉ ይቀጥሉበት ተባለ፣ አንዳንዱ ቀጠለ፣ አንዳንዱ ተወው። ኒው ዮርክ ደግሞ የሚገርም ነው። ለአብዛኛው ቀላል ክስ የገንዘብ ዋስትናን ያስቀረው የዋስትና ማሻሻያ ሕግ ሥራ ላይ የዋለው ጃንዋሪ 1, 2020 ነው። ኤፕሪል ላይ፣ ከተማዋ አስከሬን ማስቀመጫ አጥታ በማቀዝቀዣ መኪና ስታስቀምጥ፣ የስቴቱ ምክር ቤት በበጀት ሕጉ ውስጥ አድርጎ ማሻሻያውን ከፊሉን መልሶ አጠበበው። ወረርሽኝ ሁሉንም ወደ አንድ አቅጣጫ ይነዳል ብሎ የሚያስብ ሰው ኒው ዮርክን ይይ።

ኒው ዮርክን ካነሳሁ የእጅ ማጽጃውን ልንገራችሁ። ማርች 9 ገዥው አንድሩ ኩሞ መግለጫ ሲሰጡ ስቴቱ በራሱ ያመረተውን የእጅ ማጽጃ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው አሳዩ። 75 በመቶ አልኮል። የሠሩት ግሬት ሜዶው የሚባለው ማረሚያ ቤት እስረኞች ናቸው፤ የሚከፈላቸው በሰዓት ከአንድ ዶላር በታች። ማጽጃው ግን እስር ቤቱ ውስጥ ክልክል ነበር፣ አልኮል አለበት ተብሎ። ሠርቶ ያሸገው ሰው እጁን ሊጠርግበት አይችልም። ክልከላው በኋላ ላልቷል።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ አንድ ነገር አለ፣ ዜና ላይ ብዙ ያልተወራ። በብዙ ስቴቶች እስረኛ ሐኪም ልየው ሲል ይከፍላል። ሁለት ዶላር፣ አምስት ዶላር። ለኛ ቡና መግዣ ነው፤ በሰዓት ጥቂት ሳንቲም ለሚያገኝ ሰው የሳምንት ደሞዝ ነው። ቴክሳስ ውስጥ በአንድ ጊዜ 13 ዶላር ከ55 ሳንቲም ሲሆን፣ ቴክሳስ ለአብዛኛው የእስረኛ ሥራ ጭራሽ አይከፍልም። እንግዲህ ትኩሳት የጀመረው ሰው ምን ያደርጋል? ይተኛል፣ ዝም ይላል፣ አጠገቡ ያለውን ያስይዛል። ኮቪድ ሲመጣ ብዙዎቹ ስቴቶች ክፍያውን አነሱት፤ አንዳንዶቹ ግን ለሳልና ለትኩሳት ብቻ። ይህን ለማድረግ ኮሚሽንም ጥናትም አላስፈለገም፤ የእስር ቤቱ አስተዳደር በአንድ ገጽ ማስታወቂያ ጨረሰው። ካሊፎርኒያ ደግሞ በማረሚያ ቤቶቿ ከወረርሽኙ ዓመት ቀደም ብላ በ2019 አንስታው ነበር።

አሁን ወደ ሳን ኩዌንቲን ልውሰዳችሁ፤ እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ።

ሳን ኩዌንቲን ከሳን ፍራንሲስኮ በስተሰሜን፣ ባሕረ ሰላጤው ዳር የቆመ እስር ቤት ነው፤ የተከፈተው በ1852። እስከ ሜይ 2020 መጨረሻ ድረስ ከእስረኞቹ አንድም ኮቪድ የተገኘበት አልነበረም። በዚያው ጊዜ በደቡብ ካሊፎርኒያ፣ ቺኖ ላይ ያለው እስር ቤት በበሽታው ይታመስ ነበር። የኃላፊዎቹ ሐሳብ ክፉ አልነበረም፦ በዕድሜና በሕመም ለሞት የተጋለጡትን ከዚያ እናውጣቸው አሉ። ሜይ 30 ከነዚህ ውስጥ 122 ሰዎች በአውቶቡስ ተጭነው ሳን ኩዌንቲን ገቡ። የስቴቱ ዋና ኢንስፔክተር በኋላ አጣርቶ እንደጻፈው፣ አብዛኞቹ ከመጫናቸው በፊት ለሳምንታት አልተመረመሩም ነበር። ሲደርሱ ደግሞ ድፍን በር በሌለው፣ በፍርግርግ ብቻ በተዘጋ ሕንጻ ውስጥ አደሩ። እስከ ኦገስት ድረስ ከ2,000 በላይ እስረኞች ተያዙ። 28 እስረኞችና አንድ የጥበቃ ባልደረባ ሞቱ። የሥራ ደኅንነት መሥሪያ ቤቱ እስር ቤቱን ከ400,000 ዶላር በላይ ቀጣው፤ አንዱ የመንግሥት ኪስ ለሌላው ከፈለ ማለት ነው፣ ይሁን።

ጁላይ 10 ስቴቱ እስከ ኦገስት መጨረሻ 8,000 ያህል ሰው ሊወጣ ይችላል ብሎ ዕቅድ አወጣ። ማን ነው የሚወጣው? 180 ቀን ወይም ከዚያ በታች የቀረው፤ በኃይል ወንጀል ያልተፈረደበት፤ በወሲብ ወንጀል ያልተመዘገበ። በወረቀት ላይ ሲታይ ምክንያታዊ ነው። ነገር ግን ሳን ኩዌንቲን ውስጥ በኮቪድ የሚሞተው ማን ነበር? የዕድሜ ልክ ፍርደኛው ሽማግሌ ነው፤ በ25 ዓመቱ ሰው ገድሎ ወይም በጦር መሣሪያ ዘርፎ የገባ፣ አሁን ስኳርና ደም ብዛት ይዞት በዱላ የሚሄድ። ይህ ሰው በዝርዝሩ አልነበረም። የወጣው ስድስት ወር የቀረው ጎረምሳ ነው፤ እሱ ቫይረሱ ቢይዘው በአብዛኛው ሳል ይዞት የሚያልፈው። ለጤና የተጋለጡትን አንድ በአንድ እንመረምራለን የሚል አንቀጽም ነበረ፤ አንድ በአንድ ሲመረመር የሚወጣው ግን ጥቂት ነው። ወረርሽኙን ለመከላከል የወጣው መስፈርት የተቀዳው ከወረርሽኙ በፊት ከነበረው ፖለቲካ ነው፦ «ኃይል ያልተጠቀመ ይውጣ፣ የተጠቀመ ይቅር።» ቫይረሱ የክስ መዝገብ አያነብም።

ፍርድ ቤትስ? ኦክቶበር 20, 2020 የስቴቱ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ኃላፊዎቹ አደጋውን እያወቁ ቸል ብለዋል ብሎ ወሰነ፤ የሳን ኩዌንቲን እስረኛ ቁጥር ወደ 1,775 ይውረድ አለ። የስቴቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጉዳዩን እንደገና ይታይ ብሎ መለሰው። ተመልሶ ምስክር ተሰምቶ፣ በ2021 መገባደጃ ላይ ዳኛው የእስረኞቹ ሕገ መንግሥታዊ መብት ተጥሷል፣ ነገር ግን አሁን ክትባት ስላለ የማዝዘው ነገር የለም አሉ። በደሉ ታመነ፣ ካሳው ቀረ። እኔ አስተርጓሚ ስለሆንኩ ብዙ ውሳኔ ሰምቻለሁ፤ እንዲህ ያለውን ለተከሳሽ ማስረዳት ከሁሉ ይከብደኛል።

ከዚህ ጋር የማስተያየው ኒው ጀርሲን ነው።

ኒው ጀርሲ በ2020 የጸደይ ወራት ከእስረኛው ብዛት አንጻር ሲታይ፣ ከአገሪቱ ስቴቶች ሁሉ በእስር ቤት የኮቪድ ሞት ግንባር ቀደም ነበረች። ገዥው ፊል መርፊ ኤፕሪል 10 አንድ ትእዛዝ አወጡ፦ 60 ዓመት የሞላቸው፣ የጤና ችግር ያለባቸው፣ ሦስት ወር የቀራቸው፣ ባለፈው ዓመት አመክሮ የተከለከሉ፣ እነዚህ ይታዩ አለ። ስማቸው ተዘርዝሮ ኮሚቴ ይመረምራል፣ ዐቃቤ ሕግ አስተያየት ይሰጣል፣ ተጎጂ ይጠየቃል፣ ማደሪያ ቤት አለው ወይ ይባላል፣ የማረሚያ ቤቶች ኮሚሽነሩ ይፈርማል። እያንዳንዱ እርከን ለብቻው ሲታይ ተገቢ ነው። ተደምሮ ግን ወንፊት ሆነ፤ በወራት ውስጥ ጥቂት መቶ ሰው ብቻ አለፈ። ማንም ባለሥልጣን ክፉ መሆን አላስፈለገውም። እኔ የፈረምኩለት ሰው ነገ ወንጀል ቢሠራ ስሜ ጋዜጣ ላይ ይወጣል የሚል ፍርሃት ብቻውን በቂ ነው፤ ያልተፈታው ሰው በኮቪድ ቢሞት ግን የማንም ስም አይወጣም።

ከዚያ የስቴቱ ምክር ቤት ሌላ መንገድ መረጠ። ኦክቶበር 19, 2020 መርፊ የፈረሙት ሕግ ኮሚቴ የለውም። ስሌት ነው ያለው። በበሽታ ምክንያት የጤና አስቸኳይ ጊዜ ታውጆ እያለ የታሰረ ሰው ለእያንዳንዱ ወር 122 ቀን ይቀነስለታል፤ ጣሪያው ስምንት ወር፣ ማለትም 244 ቀን። ለመፍቻው አንድ ዓመት ወይም ከዚያ በታች የቀረው ሁሉ ይገባዋል። ነፍስ ግድያ፣ ከባድ የወሲብ ጥቃትና ሌሎች ጥቂት ጉዳዮች ተለይተው ወጡ፤ የቀረው የኃይል ወንጀል ግን ገባ። ሐሳቡ፣ በወረርሽኝ ጊዜ መታሰር ዳኛው ከፈረደው ቅጣት የከበደ ቅጣት ነው፤ ጠያቂ የለም፣ ትምህርት የለም፣ ሰዓቱን ሙሉ ክፍል ውስጥ መዘጋት አለ፣ ሞትም አለ፤ ስለዚህ የከበደው ቀን ተባዝቶ ይቆጠር የሚል ነው።

በምሳሌ እናስላው። ጁን 15, 2021 የሚፈታ ሰው እንበል። ከማርች 2020 ጀምሮ ውስጥ ነበር፤ ሁለት ወር ብቻ ጣሪያውን ስለሚሞላ 244ቱን ቀን ከረጅም ጊዜ በፊት ጨርሶ አግኝቷል። ከጁን 15 ላይ ይህ ሲቀነስ ኦክቶበር 14, 2020 ላይ ይወድቃል። ሕጉ ሥራ የጀመረው ኖቬምበር 4 ነው፤ ያን ቀን ጠዋት ይወጣል። ማንም አልለመነም፣ ማንም አላዘነለትም፣ የሂሳብ ሠራተኛ ደመረና ቀነሰ። በዚያች አንዲት ቀን ከ2,000 በላይ ሰው ወጣ። ገዥው በወራት ካስወጣው ስንት እጥፍ እንደሆነ ራሳችሁ ገምቱ።

አንዲት ነገር ግን አለች፣ በተለይ እኛን የምትመለከት። በዚያ ቀን ከወጡት መካከል ዜግነት የሌላቸው ነበሩ፤ በአሥሮች የሚቆጠሩት የማረሚያ ቤቱን በር እንደተሻገሩ የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ ሰዎች ተቀብለው ወሰዷቸው። ከስቴት እስር ወደ ፌዴራል እስር። ቤተሰብ ምግብ ሠርቶ ይጠብቅ ነበር። የስቴት ሕግ የስቴቱን ቅጣት ያሳጥራል እንጂ የኢሚግሬሽን መያዣ ትእዛዝን አያነሳም። ዘመድ ያላችሁ ሰዎች ከመፍቻው ቀን በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ አነጋግሩ፤ ከወጣ በኋላ ሩጫ ነው።

አገራችንም በዚያ ሰሞን ሰው ፈትታለች። መጋቢት 16 ቀን 2012 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ሣህለወርቅ ዘውዴ ከ4,000 ለሚበልጡ ታራሚዎች ይቅርታ አደረጉ፤ በቀላል ወንጀል እስከ ሦስት ዓመት የተፈረደባቸውና ሊፈቱ ጥቂት ጊዜ የቀራቸው ይገኙበታል። በሳምንት ልዩነት ደግሞ ከ1,500 በላይ ተጨመሩ። ፍጥነቱን ከኒው ጀርሲ ጋር ብታስተያዩት፣ የመጀመሪያው ታማሚ በአዲስ አበባ ከተገኘ ሁለት ሳምንት አልሞላም ነበር፤ የኒው ጀርሲው ሕግ ሰባት ወር ፈጅቷል። ነገር ግን ይቅርታ ችሮታ ነው። ዘንድሮ ለእንቁጣጣሽ ይደረጋል አይደረግም እያለ ቤተሰብ ሬዲዮ የሚጠብቅበትን ነገር የምታውቁት ናችሁ። አመክሮ ይሻላል፤ ሁለት ሦስተኛውን የጨረሰ ብሎ ሕጉ ቁጥር ስላስቀመጠለት ታራሚው ራሱ ግድግዳ ላይ ቆጥሮ ቀኑን ያውቃል። የኒው ጀርሲው ቅናሽ ከሁሉም የጠበቀ ነው፤ ምክንያቱም የባለሥልጣኑን ፈቃድ አይጠይቅም። በዚህ ጉዳይ ላይ ከሰማሁትና ካነበብኩት ሁሉ የማምነው ይህንን ነው፦ ሰው ያስፈታው ርኅራኄ ሳይሆን ስሌት ነው።

እስቲ ደግሞ የራሴን ሥራ ላንሳ። ፍርድ ቤቶች ሲዘጉ ችሎቱ ወደ ቪዲዮ ዞረ። ብዙ ሰው ይህን እንደ ዕድገት ያየዋል፤ በከፊል ልክ ነው። ታክሲ የሚነዳ ሰው ለአምስት ደቂቃ ቀጠሮ የቀን ገቢውን አይሠዋም፣ መኪናውን አቁሞ በስልኩ ይገባል። ቀጠሮ አለፈህ ተብሎ የመያዣ ትእዛዝ የሚወጣበት ሰው ቀነሰ። ይህ ቢቀጥል ደስ ይለኛል።

የታሰረ ሰው ሲሆን ግን ሌላ ነው። አንድ ጊዜ ከቤቴ፣ ከወጥ ቤት ጠረጴዛዬ ላይ ሆኜ ለአንድ ወጣት ሳስተረጉም፣ እሱ ማረፊያ ቤት ውስጥ ጠባብ ክፍል ተቀምጧል፤ ጭምብል አድርጓል፣ ከኋላው ብረት በር ይጋጫል። ጠበቃዋ በሌላ መስኮት፣ ዳኛዋ በሌላ። በአካል ችሎት ቢሆን ጠበቃዋ ወደ ጆሮው ዘንበል ትላለች፣ እኔም ዝቅ ብዬ እነግረዋለሁ፣ ማንም አይሰማም። እዚህ ግን ማንሾካሾክ የለም። ጠበቃዋ «ደንበኛዬን ለብቻ ላነጋግረው» አለች፤ የችሎቱ ጸሐፊ ሦስታችንን ወደ ሌላ የስክሪን ክፍል ሊያዛውረን ሲሞክር የሁሉም ፊት ጠፋ። ልጁ አለቀ ብሎ ማዳመጫውን አውልቆ ተነሳ። ጥበቃው እስኪመልሰው ዳኛዋ ወደ ሌላ መዝገብ አለፈች፤ ጉዳዩ ለሌላ ሳምንት ተቀጠረ። አንድ ሳምንት እስር ማለት ነው፣ ማዳመጫ በማውለቅ። ማንም ክፉ አልሠራም፤ መዝገቡ ላይም «ተቀጥሯል» ከሚል በቀር ምንም አይታይም።

ስለዚህ ከእናንተ መካከል ዘመዱ በቪዲዮ የሚቀርብ ካለ፣ ችሎቱ ከመጀመሩ በፊት ጠበቃውን ይጠይቅ፦ ለብቻ ማውራት ብንፈልግ በየት በኩል ነው? አስተርጓሚው በዚያ መስመር ላይ አለ? ታሳሪውም ዳኛዋ በስሙ ጠርታ ካላሰናበተችው ከወንበሩ አይነሳ።

ክትባቱን በአጭሩ ልለፈው። ኒው ጀርሲ በዲሴምበር 2020 መጨረሻ እስረኞችን መከተብ ከጀመሩት የመጀመሪያዎቹ ስቴቶች አንዷ ናት። በኮሎራዶ ግን ገዥው እስረኛ ወንጀል ካልሠራ ሰው አይቀድምም ብለው የተዘጋጀውን ቅደም ተከተል አስቀየሩ። ኦሬገን ላይ የፌዴራል ዳኛ ናቸው በፌብሩዋሪ 2021 ክትባቱ ለእስረኞች ይቅረብ ብለው ያዘዙት።

ታዲያ ምን ቀረ? አስቸኳይ ትእዛዝ ሆኖ የወጣው አብዛኛው አስቸኳዩ ሲያልፍ አለፈ። የማረፊያ ቤቶቹ ቁጥር መልሶ አሻቀበ። የቀረው በሕግ የተጻፈው ነው፤ ሌላው ደግሞ የተዘጋው እስር ቤት ነው። ካሊፎርኒያ በሴፕቴምበር 2020 መጨረሻ ባወጣችው ሕግ የፕሮቤሽን (ከእስር ውጭ በክትትል ሥር የሚቆዩበት) ዘመን በአብዛኛው ቀላል ወንጀል ከአንድ ዓመት፣ በከባድ ወንጀል ከሁለት ዓመት እንዳይበልጥ አደረገች፤ ያ አሁንም አለ። እስረኛው ስላነሰ ደግሞ ትሬሲ ያለው ማረሚያ ቤት በ2021፣ ሱዛንቪል ካሉት አንዱ በ2023 ተዘጋ። የተዘጋ ሕንጻ መልሶ መክፈት ገንዘብ ይጠይቃል፣ በጀት መሟገት ይጠይቃል። ትእዛዝን ለመሻር ግን እስክሪብቶ ይበቃል። በሌላ በኩል የካሊፎርኒያ መራጭ በኖቬምበር 2020 የገንዘብ ዋስትናን ይቅር የሚለውን ሐሳብ በድምፁ ጣለው፤ አምስት ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ የስቴቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰውን ገንዘብ ስለሌለው ብቻ ማሰር አይቻልም አለ። አንዱ ሲዘጋ አንዱ ይከፈታል። ኢሊኖይ በዚያው የወረርሽኝ ክረምት፣ በጃንዋሪ 2021፣ የገንዘብ ዋስትናን ጨርሶ የሚያስቀር ሕግ አሳለፈች፤ ክርክሩ እስከ ስቴቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄዶ ሴፕቴምበር 18, 2023 ሥራ ላይ ዋለ፤ ሙሉ በሙሉ በማስቀረት የመጀመሪያዋ ስቴት ናት።

ጥያቄ ከነበራችሁ ጥቂት እንውሰድ።

(ከታዳሚው አንድ አባት፦ «ሰው ስለተፈታ አይደለም እንዴ ያን ጊዜ ግድያ የጨመረው?»)

ጥሩ ጥያቄ ነው አባቴ፤ ሁሉም የሚጠይቀው ነው። ግድያ በ2020 በመላ አገሪቱ ወደ 30 በመቶ ጨምሯል፤ ይህ ሐሰት አይደለም፣ ሰውም በከንቱ አልፈራም። ነገር ግን የጨመረው ብዙ በፈቱትም፣ ምንም ባልፈቱትም፣ በትልልቅ ከተሞችም በገጠርም ነው። ኒው ጀርሲ በብዛት የፈታችው በኖቬምበር ነው፤ ጭማሪው የጀመረው ከዚያ ብዙ ወራት ቀድሞ ነው። የተፈታ ሰው በጭራሽ ወንጀል አይሠራም አልልዎትም፤ የሚሠራ አለ። ግን ስምንት ወር ቆይቶ ያው ሰው በያው በር ይወጣ ነበር።

(አንዲት እህት፦ «የኒው ጀርሲው ሕግ አሁንም ይሠራል? የአጎቴ ልጅ እዚያ ነው።»)

እህቴ፣ ሕጉ ለኮቪድ ብቻ ተብሎ አልተጻፈም፤ በተላላፊ በሽታ ምክንያት የጤና አስቸኳይ ጊዜ ሲታወጅና የማረሚያ ቤቱ አሠራር በዚያ የተነሳ ሲለወጥ ነው የሚቆጠረው። አዋጅ ከሌለ ቅናሽ የለም። የኮቪዱ አዋጅ ተነስቷል፤ ስለዚህ ያን ጊዜ ውስጥ የነበረ ከሆነ ቀኑ ተቆጥሮለት እንደሆነ ማረሚያ ቤቱ የሚሰጠውን የቅጣት ስሌት ወረቀት ይጠይቅና ከጠበቃ ጋር ይየው። ከዚያ በኋላ የገባ ከሆነ አይመለከተውም። ወረቀቱን ካመጣሽልኝ ማንበቡን አግዝሻለሁ፤ ስሌቱ ትክክል ነው አይደለም የሚለውን ግን ጠበቃው ይንገርሽ።